የሞጆ ጉሎና የሐር ትል

ሞጆን የማያውቅ መንገደኛ የለም፤ ሞጆ የሚያድር መንገደኛ ግን ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ቢሾፍቱን አልፎ፣ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው መንገዱ ለሁለት የሚከፈልባትን ከተማ ያገኛል። ወደ ቀኝ የታጠፈው መንገድ በቆቃ፣ በዓለም ጤናና በመቂ አድርጎ ወደ ዝዋይ፣ ወደ ሻሸመኔና ወደ ሐዋሳ ይወርዳል፤ ቀጥ ብሎ የሄደው ደግሞ አዳማን ይዞ እስከ ጅቡቲ ይዘልቃል። ስለዚህ ወደ ሐዋሳ ለሚመለሰው ተማሪም ሆነ ወደ ድሬዳዋ ለተዛወረው ጸሐፊ ሞጆ ማለት ከመኪና ተወርዶ፣ ወገብ ተፍታትቶ፣ ሻይ ተጠጥቶ፣ እንደገና የሚሳፈሩባት ከተማ ናት።

ከተማዋን ያቆማትም ይኸው የሰውና የዕቃ ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በዚህ ያልፍ ነበር። ያ ባቡር ዛሬ የለም፤ በምትኩ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ በአጠገቧ ተዘርግቷል። የሀገሪቱ ትልቁ ደረቅ ወደብም እዚሁ ነውና ከባሕር የመጣው ኮንቴይነር እዚህ ይራገፋል፤ ባለ ተሳቢው መኪና ሌሊትና ቀን ሲገባና ሲወጣ ይውላል። በዙሪያዋ ያለው የሎሜ ገበሬ ጤፍ ያመርታል፤ በከተማዋ ቆዳ ይለፋል። እንዲህ ባለች የጥድፊያ ከተማ ውስጥ ስለ ሐር ትል የሚያነሣ ሰው ምን አይቶ ነው ቢባል፣ መልሱ ከየአጥሩ ሥር በቅሎ ይገኛል፤ እርሱም ጉሎ ነው።

ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በመኖሪያ ሰፈሮቹ መካከል የተዘዋወረ ሰው ጉሎን ሳያይ አይመለስም። ከአጥር ሥር፣ ከፈረሰ ግድግዳ አጠገብ፣ ከጥራጊ መድፊያው ዳር፣ ማንም ሳይተክለው፣ ማንም ውሃ ሳያጠጣው ይበቅላል። ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ጣቶቹን የከፈተ ነው፤ ፍሬው እሾህ መሳይ ልብስ የለበሰ ነው። ብዙዎቻችን ጉሎን የምናውቀው በልጅነታችን አፍንጫችን ተይዞ በማንኪያ በተጋትነው ዘይት ስለሆነ፣ ዛፉን በፍቅር ዐይን አናየውም። የዕፀዋት ሊቃውንት ግን የጉሎ ጥንተ ሀገሩ ይኸው የእኛ ምሥራቅ አፍሪካ ነው ይላሉ።

በአንድ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ስንዴ ይለቅሙ የነበሩ አንዲት አሮጊት ጉሎው የእርሳቸው መሆኑን ስለ ነገሩኝ፣ «እማማ፣ ምን ይጠቅምዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኛ ቆቦ ነው የምንለው። ፍሬው ለምጣድ ይሆናል፤ ድሮ ደግሞ ቆዳ የሚያለፋ ሰው ይወስደው ነበር።»

«ቅጠሉስ?»

«ቅጠሉ ምን ይሆናል ልጄ? ጥላ ነዋ!»

ይህን ቅጠል በልቶ ሐር የሚሠራ ትል አለ ብላቸው ሣቁ። «ሐር ከሱቅ ይገዛል እንጂ ከአጥር ይለቀማል እንዴ?» አሉኝ። ይህ የእርሳቸው ሐሳብ ብቻ አይደለም። ሀገራችን ሐርን ለብዙ ዘመን ስታውቀው የኖረችው ከሱቅና ከመርከብ እንደሚመጣ ዕቃ ነው እንጂ ከጓሮ እንደሚገኝ ነገር አይደለም።

የቆየ ታሪክ እናንሣ። በስድስተኛው መቶ ዓመት የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ ሐር የሚገዛው በጠላቶቹ በፋርሶች በኩል ስለ ነበር ገንዘቡ ወደ ጠላት ኪስ መግባቱ ያንገበግበው ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ531 ገደማ ወደ አክሱሙ ንጉሥ ወደ ዐፄ ካሌብ መልእክተኛ ላከ። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ እንደ ተረከው፣ የመልእክቱ ቃል «እናንተ ሐሩን ከሕንድ ነጋዴዎች ገዝታችሁ ለእኛ ብትሸጡልን እናንተም ትበለጽጋላችሁ፤ እኛም ለጠላት ከመክፈል እንድናለን» የሚል ነበር። ካሌብም እሺ አሉ። ነገር ግን የሕንድ መርከቦች አስቀድመው በሚደርሱባቸው ወደቦች ላይ ፋርሶች እየጠበቁ ጭነቱን በሙሉ ይገዙት ስለ ነበር ውሉ ሳይፈጸም ቀረ። ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ መነኮሳት የትሉን ዕንቁላል ደብቀው ወደ ቁስጥንጥንያ አገቡለትና ችግሩ በዚያው ተፈታ። ቢዛንታውያን ትሉን ማርባት ጀመሩ፤ እኛ ግን መግዛታችንን ቀጠልን።

እንዲህ ሆኖ ሐር በእኛ ዘንድ የክብር ዕቃ ሆነ። ማተቡ ሰማያዊ ሐር ነበር፤ የነገሥታቱ ካባም ሐር ነበር። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የጎንደር ሸማኔዎች ከቻይና በመጣ ሐር የሠሩት ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይታያል። የመሥሪያ ቤት ሰዎች በየጊዜው ወረቀትና ቀለም ልንቀበል የምንሄድበት «ግምጃ ቤት» እንኳ ስሙን ያገኘው ግምጃ ከተባለው የሐር ልብስ ነው፤ ዛሬ ከፋይልና ከመጥረጊያ በቀር ምንም ባይገኝበትም። የሸማኔው እጅ የእኛ ነበር፤ ክሩ ብቻ የሰው ሀገር ነበር።

አሁን ወደ ትሉ እንመለስ። በዓለም ላይ ሐር በብዛት የሚገኝበት ትል ሙልበሪ የሚባለውን ዛፍ ቅጠል ብቻ የሚበላው ነው። ጉሎ የሚበላው ደግሞ ሌላ ዘር ነው፤ ኤሪ ይባላል። ሀገሩ ሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ አሳም ነው፤ በዚያ ሀገር ቋንቋ ጉሎን ኤራ ይሉታልና ስሙ «የጉሎ ትል» እንደ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለቤት ሥራ እጅግ ትልቅ ነው። የሙልበሪው ትል ጎጆውን፣ ማለት ባለሙያዎቹ ኮኮን የሚሉትን፣ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ባልተቋረጠ ክር ይሠራዋል። ክሩ ሳይበጠስ እንዲፈታ ትሉ ከጎጆው ሳይወጣ በእንፋሎት ወይም በሙቀት መሞት አለበት፤ ክሩን ለመፍተልም የፈላ ውሃና መሣሪያ ያስፈልጋል። ኤሪ ግን ጎጆውን በአንድ በኩል ክፍት አድርጎ ይሠራል፤ ክሩም የተቆራረጠ ነው። ስለዚህ ትሉ ክንፍ አውጥቶ በበሩ ከሄደ በኋላ ባዶውን ጎጆ ወስዶ እንደ ጥጥ በእንዝርት መፍተል ይቻላል። ነፍስ ላለማጥፋት የሚጠነቀቁ ሰዎች በሕንድ ሀገር ይህን ሐር የሚወዱት በዚህ ምክንያት ነው።

እንዝርት የምታውቅ እናት ያለችበት ቤት ሁሉ፣ እንግዲህ፣ የኤሪ ፈትል መሣሪያ አለው ማለት ነው። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ይህ ነው።

ነገሩ የወሬ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሞጆ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ አዳማን ያገኙና፣ ከዚያ በአሰላ መንገድ ጥቂት ሲወርዱ አዋሽ መልካሳ ይደረሳል። በዚያ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከሃያ ዓመት በላይ በሐር ትል ላይ ምርምር ሲያደርግ ቆይቷል፤ የጉሎውን ልዩ ልዩ ዓይነት ለትሉ እያበላ የትኛው የተሻለ ጎጆ እንደሚያስገኝ ያነጻጽራል። በአዲስ አበባ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው ሳባሃር የኤሪን ጎጆ በእጅ አስፈትሎ፣ በሸማኔ አሠርቶ፣ ፎጣና ሻርፕ እያደረገ ወደ ውጭ ሀገር ይልካል። በናይሮቢ ያለው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 በአማራ ክልልና በአርባ ምንጭ አካባቢ ወጣቶችን በሐርና በማር ሥራ የሚያደራጅ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር።

የትሉን ኑሮ በቤት ውስጥ እንመልከት። ለዚህ የሚያስፈልገው ነፋስ የሚገባባት፣ ፀሐይ በቀጥታ የማትመታት አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ጥቂት ሰፌድና ከእንጨት የተሠራ መደርደሪያ ነው። የመደርደሪያው እግሮች ውሃ በያዙ ጣሳዎች ውስጥ ይቆማሉ፤ ይህ ካልሆነ ጉንዳን በአንድ ሌሊት ሁሉን ይጨርሰዋል። ክፍሏ አስቀድማ በበረኪና ትታጠባለች። ከዚያ በኋላ ፍሊት የሚባል ነገር በዚያ ቤት አይነፋም፤ ትንባሆም አይጨስም። ቡና የሚፈላው፣ ዕጣንም የሚጨሰው ከትሉ ክፍል ርቆ ነው።

ዕንቁላሉ በአሥር ቀን ገደማ ይፈለፈላል። የሚወጣው ትል እጅግ ትንሽ ነገር ስለሆነ በጣት አይነካም፤ በዶሮ ላባ ቀስ ተብሎ ተጠርጎ በለጋ የጉሎ ቅጠል ላይ ይደረጋል። ቅጠሉ ለሕፃኑ ትል ከጫፍ የተቀጠፈ፣ የተከተፈ ለጋ ነው፤ ትሉ ሲያድግ ግን የበሰለውና ሰፊው ቅጠል ይሰጠዋል። በቀን አራት ጊዜ ማብላት ይበቃል፦ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄድ በፊት፣ በምሳ ሰዓት፣ ማታ ከሥራ ሲገባና ከመተኛት በፊት። የትሉ ማዕድ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዓት ጋር እንዲህ መስማማቱ ሆን ተብሎ ለደመወዝተኛ የተሠራ ያስመስለዋል።

ትሉ በሕይወቱ አራት ጊዜ ይጾማል። ራሱን ቀና አድርጎ፣ ምንም ሳይንቀሳቀስ አንድ ቀን ያህል ይቆይና ቆዳውን ይለውጣል። አዲስ ጀማሪ በዚህ ጊዜ ታመመ ብሎ ይደነግጣል፤ ቅጠልም ይጨምርበታል። አይገባም፤ መተው ነው። ከአራተኛው ጾም በኋላ ግን የሚበላው ልክ የለውም። በሕይወቱ ከሚበላው ቅጠል ከአምስት እጅ አራቱን የሚበላው በዚህ በመጨረሻው ሳምንት ነው። በጸጥታ ሌሊት ከክፍሉ ደጃፍ የቆመ ሰው በቅጠል ላይ የሚወርድ ካፊያ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ብቻውን አይበቃም፤ የቤት ልጆች ሁሉ ቅጠል ለቃሚ ይሆናሉ። እዚህ ላይ ለልጆች መነገር ያለበት ነገር አለ፤ የጉሎ ፍሬ መርዝ ነውና ቅጠል እንጂ ፍሬ እንዳይነኩ፣ ወደ አፋቸውም እንዳያስጠጉ።

ከተፈለፈለ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ትሉ መብላቱን ይተውና መደበቂያ ፍለጋ ይዞራል። ያን ጊዜ የደረቀ ቅጠልና ቀጫጭን ጭራሮ የሞላ ቅርጫት ውስጥ ይጨመራል። በሦስት በአራት ቀን ነጭ ወይም ሸክላ መሳይ ጎጆውን ሠርቶ ይጨርሳል። ሁለትና ሦስት ሳምንት ቆይቶ በበሩ የሚወጣው በአማርኛችን «የእሳት ራት» የምንለው ፍጥረት ነው። ይህ ግን የእሳት ራት ሊሆን ቀርቶ ለራሱም ራት አይበላም፤ ለመብላት የሚሆን አፍ የለውምና። ተዳቅሎ፣ ሴቲቱ ከሦስት መቶ እስከ አምስት መቶ ዕንቁላል ጥላ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል። ባዶው ጎጆ በሳሙናና በሶዳ ውሃ አንድ ሰዓት ያህል ተቀቅሎ ሙጫው ሲለቅ፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያም ወደ እንዝርት ይሄዳል።

ይህን ያነበበ ደመወዝተኛ «እንግዲያው ሁለተኛ ደመወዝ ተገኘ» ይል ይሆናል። እስቲ ሂሳቡን እንየው። አንድ ባዶ የኤሪ ጎጆ ቢበዛ ግማሽ ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ለማግኘት ሁለት ሺህ ጎጆ ያስፈልጋል፤ የሚሞተውና ደካማው ሲታሰብ ከዚያም በላይ። ሁለት ሺህ ትል ለመጨረሻው ሳምንት የሚፈልገውን ቅጠል ከአንድ አጥር ሥር አያገኙትም፤ የሰፈሩን ጉሎ ሁሉ መዞር ወይም በጓሮ መትከል ግድ ይሆናል። ትል ለማርባት የሚያስበው ሰው፣ እንግዲህ፣ ከትሉ በፊት ጉሎውን ይቁጠር።

በሞጆ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ጉሎው ብዙ ቢሆንም ሁሉም አይበላም። በመኪና መንገዱ ዳር ያለው የአቧራና የናፍጣ ጭስ ሲለብስ ስለሚውል ለትሉ በሽታ ነው። በቆቃ መንገድ ግራና ቀኝ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚመረትበት መሬት አለ፤ በዚያ የሚረጨው ፀረ ተባይ መድኃኒት በነፋስ ሄዶ ያረፈበት ቅጠል በትሉ ላይ የሚያደርሰውን መናገር አያስፈልግም፤ መድኃኒቱ የተሠራው ትል ለመግደል ነውና። ጤዛ ወይም ዝናብ ያረጠበው ቅጠልም ሳይደርቅ አይሰጥም። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ጉሎ እንደ እነዚያ አሮጊት ከመንገድ ርቆ በግቢ ውስጥ ያለው ነው።

የቀረው የገበያው ጉዳይ ነው፤ በእኔ አስተያየት የሀገራችንን የሐር ሥራ የያዘውም ይኸው ነው። ትሉ አላስቸገረም፤ ቅጠሉም ሞልቷል። ነገር ግን ጎጆ እንደ ዕንቁላል ከጉሊት አይሸጥም። ገዥዎቹ ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም የሚፈልጉት አንድ ዓይነት፣ ንጹሕና ዘወትር የማይቋረጥ ምርት ነው። አንድ ኪሎ ጎጆ በዓመት አንድ ጊዜ ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የመኪናውን ዋጋ ላያወጣ ይችላል። በአንጻሩ አሥር ቤት ተባብሮ በአንድ ጊዜ ቢያረባ፣ ከእነርሱም መካከል ፈትል የሚያውቁ እናቶች ቢኖሩና ጎጆው በጎጆነቱ ሳይሆን ክር ሆኖ ቢቀርብ ነገሩ ይለወጣል። ጎጆ የሚገዛው ፈታይ ያለው ብቻ ሲሆን፣ ክር የሚገዛው ግን ሸማኔ ሁሉ ነው። የሸማኔ እጥረት ደግሞ የለብንም። በየቤቱ እንዝርት የያዙት እናቶች እያረጁ፣ ልጆቻቸውም የፋብሪካ ክር እየገዙ በሄዱ ቁጥር ግን ይህ መንገድ እየጠበበ መሄዱ አይቀርም። ጉሎው መቼም ቢሆን ይበቅላል፤ የምትፈትል እጅ ግን ሳትማር አትበቅልም።

ለመሞከር የቆረጠ ሰው ዕንቁላሉን ከመልካሳው ምርምር ማዕከል ጠይቆ መረዳት ይችላል። ጊዜው ክረምቱ ገብቶ ጉሎው ለምለም ቅጠል ካወጣ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ የሞጆ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ትሉ ይደነዝዛል፣ ዕድገቱም ይጓተታል፤ በበጋው መጨረሻ ደግሞ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ለመጀመሪያው ዙር ከሁለት መቶ ትል በላይ መያዝ አይበጅም፤ ይህም ሁለት ሰፌድ ይበቃዋል። ከዚህ የሚገኘው ጎጆ ተቀቅሎ ሲፈተል ለአንዲት ነጠላ ጥለት እንኳ ባይበቃ፣ እናትየው በእንዝርቷ ላይ አድርጋ ከጥጥ ይልቅ መለስለሱንና መርዘሙን ትፈትነዋለች። ለሁለተኛው ዙር የሚሆን ዕንቁላል ደግሞ ከዚያው ከራሳቸው ትል ይገኛል።